የምታነቡት ዝርዝር የማን ነው?

ጎግል ሪደር የተዘጋው ሰኔ 24 ቀን 2005 ዓ.ም. ነበር። በ1998 ዓ.ም. የተጀመረ፣ በዓለም ዙሪያ ብዙ ጋዜጠኞች የዕለት ንባባቸውን የሚከታተሉበት አገልግሎት ነው። የጎግል ምክንያት አጭር ነበር፦ ተጠቃሚው ቀንሷል። የሦስት ወር ተኩል ማስጠንቀቂያ ሰጥቶ ዘጋው። ሐምሌ 1 ቀን 2017 ዓ.ም. ደግሞ በኋላ የምናነበውን ጽሑፍ የምናስቀምጥበት የሞዚላው ፖኬት ተራው ደረሰ።

እንዲህ ያለ አገልግሎት በተዘጋ ቁጥር ሁሉም የሚጠይቀው «የቱ ይተካው?» ብሎ ነው። እኔ ግን መቅደም ያለበት ጥያቄ ሌላ ይመስለኛል፦ «ነገ ይሄኛውም ቢዘጋ ይዤ የምወጣው ምንድን ነው?»

ለማያውቁት በአጭሩ ላስረዳ። አርኤስኤስ ማለት አንድ ድረ ገጽ አዲስ ጽሑፍ ባወጣ ቁጥር ርዕሱን፣ ቀኑንና አድራሻውን የሚመዘግብበት ፋይል ነው። የማንበቢያ መተግበሪያው የመረጣችኋቸውን ድረ ገጾች ፋይሎች እየዞረ ይሰበስብና በቅደም ተከተል ያቀርብላችኋል። በመካከል ገብቶ «ይሄን ትወደዋለህ» የሚል የለም።

«ቴሌግራም እያለልን ይሄ ሁሉ ምን ያደርጋል?» የምትሉ እንዳላችሁ አውቃለሁ። ይህንንም ጽሑፍ የምታነቡት በቴሌግራም ነው። ነገር ግን የካቲት 2015ን አስታውሱ። በኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በተፈጠረው ውዝግብ ሰሞን ፌስቡክ፣ ቴሌግራምና ቲክቶክ ተገደቡ፤ እገዳው የተነሣው ከአምስት ወር በኋላ ነው። ቪፒኤን ያልነበረው ሰው የሚከታተላቸው ቻናሎች በሙሉ በአንድ ቀን ከእጁ ወጡ። ያንን ዝርዝር ወደ ሌላ መተግበሪያ ወስዶ የሚከፍትበት መንገድም አልነበረውም። የሰው ወርቅ አያደምቅ የሚባለው ለዚህ ነው።

መተከል ለሚኖር ሰው ነገሩ ከምቾት ያልፋል። ከማንቡክ ወደ ግልገል በለስ ለመውጣት የሚያስብ ሰው «መንገድ ተዘግቷል» የሚል መልእክት ሲደርሰው የመጀመሪያ ጥያቄው «መቼ?» ነው። ከቡድን ወደ ቡድን የተላለፈ የስክሪን ፎቶ ለዚህ መልስ የለውም፤ ቀኑም ምንጩም ተቆርጦ ቀርቷል። የዛሬ ዓመት ወሬ እንደ ዛሬ ተነቦ ሰው ከጉዞው የሚቀረው፣ ሲብስም የሚደናገጠው በዚህ ነው።

ስለዚህ ማንበቢያ ስትመርጡ መጀመሪያ መውጫውን እዩ። «ኦፒኤምኤል» የሚባል ፋይል አለ፤ የምትከታተሏቸው ምንጮች ዝርዝር ነው። ከጎግል ሪደር ወደ ፊድሊ የተሰደዱት ሰዎች ምንጮቻቸውን አንድ በአንድ ከመልቀም የዳኑት ዝርዝሩን ይዘው መውጣት በመቻላቸው ነው። ይህን ፋይል አውጥታችሁ ለመውሰድ የማይፈቅድ መተግበሪያ የቱንም ያህል ቢያምር ይቅርባችሁ።

ቀጥሎ ያለ ኔትወርክ ማንበብ መቻሉን አረጋግጡ። ኔትወርክ በሚቆራረጥበት አካባቢ፣ ሲገኝ አውርዶ ሲጠፋ የሚያስነብብ ነው የሚጠቅመው። በአንድሮይድ «ፊደር» የሚባለው ነጻ መተግበሪያ አካውንት አይጠይቅም፤ ዝርዝሩም የሚቀመጠው እዚያው ስልካችሁ ላይ ነው። አይፎን ያላችሁ «ኔትኒውስዋየር»ን ሞክሩ። ፊድሊና ኢኖሪደር በስልክም በኮምፒውተርም ለሚያነብ ይመቻሉ፤ ዝርዝሩ ግን በኩባንያው ሰርቨር ላይ ስለሚቀመጥ ቅጂውን በየጊዜው ማውጣት አይረሳ።

አንድ እውነት ግን አለ፦ የትኛውም ማንበቢያ ያልተጻፈ ዜና አያመጣም። የቢቢሲ አማርኛን ዜና በአርኤስኤስ መከታተል ይቻላል። የዞንና የወረዳ ኮሙኒኬሽን ጽሕፈት ቤቶች መግለጫ ግን በአብዛኛው በፌስቡክ ገጽ ወጥቶ እዚያው ይቀራል። ፌስቡክ የተገደበ ዕለት የመንግሥት መግለጫም አብሮ ይጠፋል ማለት ነው። ቀን ያለበት፣ በግልጽ የሚከፈት ቀላል ድረ ገጽ ማዘጋጀት ብዙ ወጪ አይጠይቅም። ጽሕፈት ቤቶቹ ሊያስቡበት ይገባል።

እስከዚያው የእኛን ድርሻ እንወጣ። በየቀኑ የምታነቧቸውን አሥር ምንጮች ዛሬ ማታ በወረቀት ላይም ቢሆን ጻፏቸው። መተግበሪያው ይመጣል፣ ይሄዳል፤ ዝርዝሩ ግን የእናንተ ይሁን።