ባዶ መሬት ላይ ማደር ጀግንነት አይደለም

ሞተር ይዘው ከከተማ ወጣ ብለው ማደር በሚወዱ ልጆች ዘንድ አንድ አጉል ፉክክር አለ። ‹‹ማን ትንሽ ዕቃ ይዞ ወጣ?›› የሚሉት። ‹‹እኔ አንድ ጋቢና አንድ ሸራ ይዤ ነው ያደርኩት›› ያለ ይጨበጨብለታል። ፍራሽ የያዘ ደግሞ ‹‹ቤትህን ጭነህ መጣህ እንዴ?›› ይባላል። የያዘችው ሴት ከሆነችማ ቀልዱ ማቆሚያ የለውም። እኔ ግን እላለሁ፤ ይህን ፉክክር ያሸነፈውን ሰው በማግስቱ መንገድ ላይ ባልጠጋው እመርጣለሁ።

ለምን መሰላችሁ? እንቅልፍ ማጣት በማዛጋት ብቻ አያልፍም። ዳውሰንና ሪድ የተባሉ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ1997 ኔቸር በተሰኘው የሳይንስ መጽሔት ያወጡት ጥናት፣ 17 ሰዓት ሳይተኛ የቆየ ሰው የእጅና የዓይን ቅንጅቱ ደሙ ውስጥ 0.05 በመቶ አልኮል እንዳለበት ሰው እንደሚወርድ አሳይቷል። ጓደኛችን ጠጥቶ ሞተር ላይ ልውጣ ሲል ቁልፉን እንነጥቀዋለን። ሌሊቱን ሙሉ ሲንቀጠቀጥ አድሮ ሲነሳ ግን ‹‹አንተ ጀግና!›› ብለን እንሸኘዋለን። መኪና ነጂ ቢያንጎላጅ ቢያንስ ዙሪያውን ቆርቆሮ አለው። ሞተረኛው ያለው ጃኬትና ሄልሜት ነው። ስለዚህ መኝታን ከቅንጦት ጎራ አውጥተን ከፍሬን ጎን እናስቀምጠው።

‹‹አገራችን ሙቅ ናት፤ ይሄ ሁሉ ለፈረንጅ ነው›› የሚል አይጠፋም። ይህን የሚል ሰው ሳነቴን አያውቃትም። ከጎባ ወደ ደሎ መና የሚወስደው መንገድ የባሌን የሳነቴ አምባ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያቋርጠዋል። ከጎኑ ያለው ቱሉ ዲምቱ 4,377 ሜትር ነው። አየሩ በየ1 ሺህ ሜትሩ በአማካይ 6.5 ዲግሪ ያህል እየቀዘቀዘ ስለሚሄድ፣ በታኅሣሥ ሌሊት አዲስ አበባ ላይ ያማረረን ብርድ እዚያ ሲደርስ ውሃ ያግጋል። በዚያው መንገድ ወደ ሐረና ደን ቁልቁል ወርዳችሁ ደሎ መና ስትደርሱ ደግሞ ጃኬት ያስወልቃል። በአንድ ቀን ጉዞ ሁለት የአየር ጠባይ ማለት ነው። (የአካባቢውን ጸጥታ ሳይጠይቁና ከፓርኩ ሳያስፈቅዱ ድንኳን መትከል እንደማይቻል መቼም አትጠፉትም።)

አሁን ወደ ዋናው ነገር። ብዙው ሰው ገንዘቡንም የጭነት ቦታውንም የሚጨርሰው ከላይ በሚደርበው ነገር ነው፤ ወፍራም ስሊፒንግ ባግ፣ ሁለት ጋቢ፣ ብርድ ልብስ። የሚያሞቀን ግን ልብሱ ውስጥ የታሰረው አየር ነው። ስንተኛበት ከሥራችን ያለው ክፍል ይጨፈለቃል፣ አየሩ ይወጣል፣ መሬቱም ሌሊቱን ሙሉ ሙቀታችንን ሲመጥ ያድራል። ከላይ ሦስት ጋቢ ቢደረብ ከሥር የሚፈሰውን አያቆመውም። ጋቢ ደግሞ ጥጥ ነው። ጤዛ ከነካው ይከብዳል፣ ይቀዘቅዛል፣ ቶሎም አይደርቅም።

‹‹አባቶቻችን እኮ መሬት ላይ ነበር የሚተኙት›› ለሚሉኝም መልስ አለኝ። አባቶቻችን ቁርበት ያነጥፉ ነበር፤ የበግ አጎዛ ያነጥፉ ነበር። የአጎዛው ፀጉር አየር ይይዛል። ዛሬ ፋብሪካ በቁጥር የሚለካውን ነገር እነሱ በጀርባቸው ያውቁት ነበር። ባዶ መሬት ላይ ተኝቶ መፎከር የከተማ ልጅ ፈጠራ ነው።

ያ ቁጥር አር-ቫልዩ ይባላል። ፍራሹ ሙቀታችን ወደ መሬት እንዳይሰርግ ምን ያህል እንደሚከላከል ይነግራል፤ ከፍ ባለ ቁጥር የተሻለ ነው። ውሃ የማይመጥ ተጣጣፊ ፎም 2 አካባቢ ነው፤ ለውርጭ ሌሊት አይበቃም። ለብርድ ተብለው ከተሠሩት የሚነፉ ፍራሾች መካከል ከ4 በላይ የሚደርሱ፣ ክብደታቸው ግን ግማሽ ኪሎ የማይሞላ አሉ። ሲጠቀለሉ የውሃ ጠርሙስ ያህላሉ። ደስ የሚለው ደግሞ ቁጥሮቹ መደመራቸው ነው፤ 2 ላይ 4 ሲነጠፍ 6 ይሆናል። ቆላ ላይ ፎሙ ብቻ፣ ደጋ ላይ ሁለቱም። የግራር እሾህ የሚነፋውን ቢበሳባችሁ እንኳ ፎሙ አለላችሁ።

ሌሎቹ የማልስማማቸው ሰዎች ግራም ቆጣሪዎቹ ናቸው። በእግር ከሚጓዙ ፈረንጆች የተማሩትን ይዘው የጥርስ ብሩሻቸውን እጀታ ሳይቀር ይቆርጣሉ። ወገን፣ ዕቃውን የሚሸከመው ጀርባችሁ መቼ ሆነ? ሞተሩ ነው! ለሞተር ግማሽ ኪሎ ምንም አይደለም፤ ችግር የሚሆነው የጭነቱ ግዝፈትና የተቀመጠበት ቦታ ነው። ከኋላ ጎማ አልፎ ከፍ ብሎ የታሰረ ጭነት የፊቱን ጎማ ያቀለዋል፣ ኮረኮንች ላይም ያወዛውዛል። ከባዱ ወደ ታችና ወደ መሐል፣ ቀላሉ መኝታ ውሃ በማያስገባ ከረጢት ከላይ። በደንብ ይታሰር፤ ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል።

‹‹እኔ ሀሞክ አለኝ›› ለሚለኝም አንድ ጥያቄ አለኝ። ሳነቴ ላይ ምን ላይ ልትሰቅለው ነው? እዚያ ያለው ጅብራ ነው። ዛፍ ባለበት ቦታ እንኳ ሀሞክ ከሥር ነፋስ ያስገባልና ፍራሹ አይቀርም።

ስለ ስሊፒንግ ባግም ሴቶች ልብ እንድትሉልኝ የምፈልገው ነገር አለ። አይኤስኦ 23537 በተባለው መለኪያ ‹‹ኮምፈርት›› የሚለው ዲግሪ የተሰላው ዘና ብላ ለተኛች አማካይ ሴት ነው። ‹‹ሊሚት›› የሚለው ደግሞ ተኮራምቶ ለተኛ አማካይ ወንድ ነው። ብዙ ጊዜ በትልቁ ተጽፎ የሚሸጠው ሁለተኛው ነው። ‹‹0 ዲግሪ›› ተብሎ የተገዛው ባግ ለእኛ የ5 ዲግሪ ሊሆን ይችላል። እንግዲህ ‹‹ሴት ስለሆንሽ ነው የሚበርድሽ›› ለሚለን መለኪያውን ማሳየት ነው። ወንዶችም ብትሆኑ ኮምፈርቱን አንብቡ፤ ተኮራምቶ ማደር ምን ዕረፍት አለው?

‹‹ገንዘቡስ?›› ትሉኝ ይሆናል። እውነት ነው፤ ዕቃው ውድ ነው፣ እዚህ አገር ማግኘቱም ያደክማል። ለዚህ እኮ ነው ቅደም ተከተሉ ወሳኝ የሆነው። መጀመሪያ ፎም፣ ቀጥሎ የሚነፋ ፍራሽ፣ ከዚያ ስሊፒንግ ባግ። የድንኳኑ ብራንድ መጨረሻ ይምጣ። ድንኳን ከዝናብና ከነፋስ ይጋርዳል እንጂ የተኛንበትን መሬት አያሞቅም። ለሞተሩ የጌጥ መብራት ገንዘብ ያላጣ ሰው ደግሞ ‹‹ለፎም የለኝም›› ቢለኝ አላምነውም።

በሚቀጥለው ጉዞ ፍራሽ በያዘችው ልጅ ላይ ከመሳቃችሁ በፊት አንድ ነገር ጠይቁ። ጠዋት የሳነቴን ቁልቁለት ስትወርዱ ከፊታችሁ እንዲነዳ የምትፈልጉት ማን ነው? የተኛው ወይስ የፎከረው?