ኮማ የትንፋሽ ምልክት አይደለም!

እንግሊዝኛ የምታስተምሩ ወንድሞቼና እህቶቼ፣ አትቀየሙኝና አንድ ነገር ልናገር። «ትንሽ ስታርፉ ኮማ፣ ብዙ ስታርፉ ሴሚኮለን» እያልን ልጆቹን ማሳሳት ይብቃን! ኮማ የምትከተለው ሰዋስውን እንጂ ሳንባን አይደለም።

«ዘ ሬይን ስቶፕድ, ዊ ዌንት ሆም» ብሎ የጻፈ ተማሪ አተነፋፈሱ ልክ ነው፤ አጻጻፉ ግን ስህተት ነው። ሁለቱም ራሳቸውን የቻሉ ዓረፍተ ነገሮች ስለሆኑ ኮማ ብቻዋን አታያይዛቸውም። ወይ በነጥብ ይለያዩ፣ ወይ ሴሚኮለን ይግባ፣ ወይ ከኮማዋ ቀጥሎ «ሶ» ወይም «ኤንድ» ይጨመር። «ሃውኤቨር» ሁለት ዓረፍተ ነገር ሲያገናኝ ደግሞ ከሱ በፊት ሴሚኮለን፣ ከሱ በኋላ ኮማ። በቃ፣ ይቺን ለማስረዳት ስንት ክፍለ ጊዜ ይፈጃል?

እዚህ ኖፓ አብዛኛው ልጅ እስከ 8ኛ ክፍል የሚማረው በአፋን ኦሮሞ ነው። ቁቤ ውስጥም ያቺው ኮማ አለች፤ መልኳ አንድ ቢሆንም የዓረፍተ ነገሩ አሠራር ይለያል። በአማርኛም ቢሆን «ዝናቡ ቆመ፣ ወደ ቤት ሄድን» ብንል ማንም አይቆጣንም። 9ኛ ክፍል ሲገባ ግን ባዮሎጂውም ታሪኩም በእንግሊዝኛ ይሆንበታል። ልዩነቱን ሳንነግረው «ሰነፍ» ብንለው ግፍ ነው።

«የ12ኛ ክፍል ፈተና ምርጫ ነው፣ ኮማ ምን ያደርጋል?» የሚለኝ አይጠፋም። ዩኒቨርሲቲ ሲገባስ ሪፖርት የሚጻፈው መልስ በመምረጥ ነው እንዴ?

ኮማን የሚንቅ ደግሞ ይህን ይስማ። በአሜሪካ ሜይን ግዛት የአንድ የወተት ድርጅት ሾፌሮች የትርፍ ሰዓት ክፍያ ጠይቀው ከሰሱ። በሕጉ ዝርዝር ውስጥ «ኦር» ከሚለው ቃል በፊት ኮማ ስላልነበረች ትርጉሙ አሻሚ ሆነ። በ2017 እ.ኤ.አ. ይግባኝ ሰሚው ፍርድ ቤት ለሾፌሮቹ ፈረደ፤ በቀጣዩ ዓመትም በ5 ሚሊዮን ዶላር ተስማሙ። ሕግ አውጪዎቹም ዝርዝሩን በሴሚኮለን እየለዩ እንደገና ጻፉት።

ስለዚህ የምርጫ ጥያቄውን ቀነስ አድርገን በሳምንት 5 ዓረፍተ ነገር ልጆቹ ራሳቸው ይጻፉ። ክፍሉ ሞልቷል፣ እርማት ያደክማል፣ አውቃለሁ። ደብተር ይለዋወጡና እርስ በርስ ይተራረሙ፤ እኛ የከበደውን ሰሌዳ ላይ እናውጣው። ዛሬ ሳይጽፍ ያሳለፍነው ልጅ ነገ ማመልከቻ ለማስጻፍ የሰው ደጅ ይጠናል።

አይደለም የምትሉ ካላችሁ ኮሜንት ላይ እንከራከር።