ለወረቀቱ ጊዜ ይሰጠው

ክረምቱ ወጥቶ መስከረም ሲጠባ፣ በሐድያ ያሆዴ፣ በከምባታም መሳላ በሚከበርበት ሰሞን፣ በሆሳዕናና በዱራሜ፣ እንዲሁም የአናሌሞ ወረዳ መቀመጫ በሆነችው በፎንቆ የሚታደለው የጥሪ ካርድ፣ የሚለጠፈው ማስታወቂያና የሚሰቀለው የቀን መቁጠሪያ ይበዛል፤ ይሁን እንጂ ከእነዚህ አንዱን አንሥቶ ቀረብ አድርጎ ለሚመረምር ሰው በፊደሉ ጠርዝ ቀይ ጥላ፣ በሰው ፊት ላይ ድርብ ከንፈር፣ በሰንደቅ ዓላማውም ዳር ማንም ያላዘዘው ሰማያዊ መስመር መገኘቱ እንግዳ ነገር አይደለም። ይህን ያየ ባለጉዳይ ጥፋቱን በትንሹ የማተሚያ መኪና ላይ ጥሎ፣ የሚቀጥለውን ሥራ፣ ከሆሳዕና ቢነሣ 230 ኪሎ ሜትር ያህል አሻግሮ፣ ወደ አዲስ አበባ ለመስደድ ይወስናል። እኔ ግን ይህ ፍርድ ምስክር ሳይሰማ የተሰጠ ነው እላለሁ፤ ዋናው ምክንያት የወረቀቱ ርጥበትና የአሠሪው ጥድፊያ ሆኖ ሳለ፣ መኪናው ብቻውን ሊኰነን አይገባውምና።

ባለ አንድ ቀለም የሆነው አነስተኛ ኦፍሴት፣ ለምሳሌ 36 በ52 ሴንቲ ሜትር ወረቀት የሚቀበለው የሄይደልበርግ ጂቲኦ፣ ባለ ሙሉ ቀለም ሥዕል የሚያወጣው ያንኑ ወረቀት አራት ጊዜ በማሳለፍ ነው። ሳያን፣ ማጀንታ፣ ቢጫና ጥቁር እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ፕሌት ይመጣሉ፤ ወረቀቱም በየጊዜው በፊት መቆሚያው ላይ ቆሞ፣ በጎን መደገፊያው ተስተካክሎ፣ ግሪፐር በሚባሉት ጥርሶች ተነክሶ ይገባል። አንዱ ቀለም ከሌላው የሚሊ ሜትር አንድ አሥረኛ ያህል ቢያፈነግጥ የለመደ ዓይን ያውቀዋል።

ለዚህ ጥበብ ከሰንደቅ ዓላማችን የበለጠ ፈታኝ አላውቅም። በአራቱ ቀለሞች ሲታተም አረንጓዴው ከሳያንና ከቢጫ፣ ቀዩም ከማጀንታና ከቢጫ መደራረብ የሚገኙ ስለሆኑ፣ ቢጫው በሦስቱም መደቦች ላይ ይዘረጋል፤ እንግዲህ ሳያኑ ጥቂት ወደ ላይ ቢሸሽ በላይኛው ጠርዝ ሰማያዊ ክር ይወጣል፣ ማጀንታውም ወደ ታች ቢወርድ በታችኛው ጠርዝ የራሱ ቀለም ብቻውን ይቀራል። ከ1988 ዓ.ም. ጀምሮ በመካከሉ የሚገኘው ሰማያዊ ክብና ቢጫ ኮከብ ደግሞ ከዚህ ይብሳል፤ ሰማያዊው ከሳያንና ከማጀንታ የሚሠራ እንደ መሆኑ መጠን፣ ሁለቱ ቀለሞች ለኮከቡ በቅርጹ ልክ ባዶ ስፍራ መተው አለባቸው፣ ቢጫውም በክቡ ውስጥ በዚያ ባዶ ስፍራ ብቻ እንዲያርፍ ግድ ነው። ከዚያ ቢዛነፍ ኮከቡ በአንድ ወገን ነጭ፣ በሌላው ወገን የጠቆረ ጠርዝ ያወጣል።

ታዲያ ትጉህ ሠራተኛ ጥርሱንና መደገፊያውን በልኩ ካሰናዳ በኋላም ቀለሙ የሚሸሸው ስለ ምን ነው? ወረቀት ከዕፀዋት ጭረት የተሠራ በመሆኑ ከአየሩ ርጥበትን ይጠጣል፤ ጭረቱም ሲጠጣ የሚያብጠው በርዝመቱ ሳይሆን በአመዛኙ በውፍረቱ ስለሆነ፣ ወረቀቱ ከጭረቱ አቅጣጫ በተሻገረው ወገን ይሰፋል። ሃምሳ ሴንቲ ሜትር የሆነው ወረቀት ከሺህ አንድ እጅ ብቻ ቢሰፋ ግማሽ ሚሊ ሜትር ጨመረ ማለት ነው። ወረቀቱ እንዳለ ተገፍቶ ከሆነ ፕሌቱን በማንቀሳቀስ ይታረማል፤ የሰፋውን ግን በአንድ ጫፍ ቢያስማሙት በሌላው ጫፍ ይከዳል። ስለዚህም ዐዋቂ አታሚ ጭረቱ ከሲሊንደሩ ቁመት ጋር ትይዩ እንዲሆን አድርጎ ወረቀቱን ይቈርጣል፤ እንዲህ ሲሆን ዋናው መስፋት በሲሊንደሩ ዙሪያ ይውላልና፣ ከፕሌቱና ምስሉን ወደ ወረቀቱ ከሚያሻግረው ጎማ፣ ከብላንኬቱ፣ ሥር የሚነጠፈውን ስስ ወረቀት በመቀነስና በመጨመር የምስሉን ርዝመት ጥቂት ሊያስማማው ይችላል። በወርዱ በኩል ግን እንዲህ ያለ መላ የለውም።

አሁን የበዓሉን ሰሞን እናስብ። የክረምቱ ርጥበት ገና ከመጋዘኑ ሳይወጣ፣ ወረቀቱ በየማለፊያው ከመኪናው ውኃ እየተነካ አራት ጊዜ ይመላለሳል፤ ሁለት ቀለም ካለፈ በኋላ መብራት ቢጠፋ የተጀመረው ክምር በርጥብ አየር መካከል ያድራል፣ በማግስቱም ሦስተኛው ቀለም ትናንት ያልነበረ ስፋት ይጠብቀዋል። በዚህ ሁሉ ላይ አሠሪው ዛሬ አምጥቶ ነገ አድርሱልኝ ይላል።

ሁለት ቀለምን በአንድ ገጽ ማስማማት ለአበው እንግዳ አልነበረም። ጸሐፍቶቻችን ብራናውን በወስፌ ወግተው፣ መስመሩን አስምረው፣ በጥቁሩ ሲጽፉ ለቅዱሳን ስም የሚበቃ ስፍራ በልኩ እየተዉ፣ ኋላ በቀይ ይሞሉት ነበር፤ በ1513 እ.ኤ.አ. ዮሐንስ ፖትከን በሮም ያሳተመው መዝሙረ ዳዊት፣ በግእዝ ለመታተም የመጀመሪያው የሆነው መጽሐፍ፣ በጥቁርና በቀይ መውጣቱም ይህንኑ ሥርዓት ተከትሎ ነው። የብራናው ጸሐፊ ቀለሙ ሳይደርቅ ቅጠሉን አገላብጥ ብሎ የሚያስጨንቀው አሠሪ ቢኖርበት ኖሮ፣ ዛሬ የምንሳለማቸው መጻሕፍት ያን ውበት ባላገኙ ነበር።

የማተሚያ ቤቱም ድርሻ ቀላል አይደለም፤ ወረቀቱን ከነመጠቅለያው በማተሚያው ክፍል አንድ ሁለት ቀን ማሳደር፣ በየቀለሙ መካከል ክምሩን በላስቲክ መሸፈን፣ በአራቱም ማለፊያ ያንኑ ጠርዝ ለጥርሱ፣ ያንኑም ጎን ለመደገፊያው መስጠት፣ የቀለሞቹን መግጠም የሚያሳየውን የመስቀል ቅርጽ ምልክትም በአጉሊ መነጽር እየተመለከቱ መሄድ ብዙ ገንዘብ የማይጠይቅ ግዴታ ነው። ሥዕል አቀናባሪውም በሦስት ቀለም በተሞላ መደብ ውስጥ ደቃቅ ነጭ ፊደል እንዳያስገባ ሊጠነቀቅ ይገባዋል፣ ጥቂት መዛነፍ ፊደሉን ይውጠዋልና። ገንዘቡ ያልበቃው አሠሪ ደግሞ የተዛነፈ አራት ቀለም ከሚያሠራ የሰመረ ሁለት ቀለም ቢያሠራ እመርጣለሁ።

ሆሳዕና በ2015 ዓ.ም. ከተመሠረተው ከማዕከላዊ ኢትዮጵያ ክልል መቀመጫዎች አንዷ ከሆነች ወዲህ የመሥሪያ ቤቶቹ የሕትመት ትእዛዝ እየበዛ መሄዱ የማይቀር ነው፤ በሐድይኛና በከምባትኛ ፊደል የሚቈጥሩ ሕፃናት የሚያነቧቸው ባለ ሥዕል መጻሕፍትም ይህንኑ ጥንቃቄ ይሻሉ። ስለሆነም የጨረታ ሰነድ የሚያዘጋጁ ሹማምንት ዝቅተኛውን ዋጋ ከመጠየቅ ጋር ሁለት ሐረጎች እንዲጨምሩ አሳስባለሁ፤ አንደኛው ወረቀቱ የሚያርፍበትንና ቀለሙ የሚደርቅበትን ቀን ከማስረከቢያው ጊዜ ውስጥ ቈጥሮ የሚፈቅድ፣ ሁለተኛውም አሠሪው ራሱ ከመኪናው ዘንድ ቀርቦ የመጀመሪያውን የሰመረ ወረቀት በፊርማው እንዲያጸድቅ፣ የቀረውም ሥራ በዚያ ናሙና እንዲመዘን የሚያስገድድ።