ጠገራ ብር በሚዛን ብቻ አይሸጥም

ከጎንደር ተነሥቶ በጭልጋና በመተማ አልፎ ገላባት፣ ከገላባትም ገዳሪፍ የሚደርሰው መንገድ ለዘመናት የነጋዴ መንገድ ነው። ቡናው፣ ሰሙ፣ ጥጡ፣ ፈረሱና በቅሎው፣ ያሳዝናል እንጂ ሰውም ሳይቀር፣ በዚህ መንገድ ሲሸጥና ሲለወጥ ዋጋው የሚቆረጠው በጠገራ ብር ነበር። ዛሬ ያ ጠገራ ከእናቶች ሣጥን ሲወጣ ዕጣው የአንጥረኛው ሚዛን ነው፤ በግራም ይገዛል፤ ቀልጦም አምባር ይሆናል። መታሰቢያ ሳንቲም እንሰበስባለን የሚሉት ደግሞ ዐይናቸው የሚያርፈው በሣጥን ታሽጎ፣ የምስክር ወረቀት ተያይዞለት በመጣው አንጸባራቂ ገንዘብ ላይ ነው። ይህ አሰባሰብ ስሕተት ነው፤ ጉዳቱም ከኪስ አልፎ ታሪክ ላይ ይደርሳል።

ለመሆኑ መታሰቢያ የሚባለው የትኛው ነው? በ1964 ዓ.ም. የዓፄ ቴዎድሮስ፣ የዓፄ ዮሐንስ፣ የዓፄ ምኒልክ፣ የንግሥት ዘውዲቱና የዓፄ ኃይለ ሥላሴ ምስል ያለባቸው የብር ገንዘቦች ተቀርጸዋል። ሱዳንም እ.ኤ.አ. በ1976 ለዱር እንስሳት ጥበቃ ጉማሬ የተቀረጸበትን ገንዘብ አውጥታለች። ሥራቸው ውብ መሆኑን ማንም አይክድም። ይሁን እንጂ የተሠሩት ለሰብሳቢ እንጂ ለገበያ አይደለም። ዓፄ ዮሐንስ በመተማ የወደቁት በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ነው፤ መልካቸው በዚያ መታሰቢያ ላይ የተቀረጸው ከ80 ዓመት በላይ ቆይቶ ነው። በዘመናቸው በዚህ ድንበር ከእጅ ወደ እጅ ይዘዋወር የነበረው ግን ጠገራው ነው። የዘመኑ ምስክር ማን እንደሆነ ከዚህ በላይ ማስረጃ አያሻውም።

ሁለተኛው ስሕተት የተገላቢጦሽ ነው። በጠገራው ላይ 1780 የሚለውን ቁጥር አይተው፣ «ከሁለት መቶ ዓመት በላይ የኖረ፣ ብርቅ ገንዘብ ነው» እያሉ የሚያሻሽጡ አሉ። ንግሥት ማርያ ቴሬዛ የሞቱት በዚያ ዓመት መሆኑ እውነት ነው፤ ገንዘቡ ግን ከሞታቸው በኋላም ዓመተ ምሕረቱ ሳይለወጥ ሲቀረጽ ኖሯል። ሙሶሊኒ እ.ኤ.አ. በ1935 የመቅረጽ መብቱን ለሮማ ካስገኘ በኋላ ለንደንም በበኩሏ ቀርጻለች፤ ቦምቤይም ተከትላለች። ስለዚህ ቁጥሩ የገንዘቡን ዕድሜ አይናገርም። ጠገራውን ክቡር የሚያደርገው ብርቅነቱ ሳይሆን ያለፈበት እጅ ነው።

ያ እጅ ደግሞ በቀላሉ የሚታለል አልነበረም። ገበያተኛው በንግሥቲቱ ጌጥ ላይ ያሉትን ነጠብጣቦች ቆጥሮ እውነተኛውን ከሐሰተኛው ይለይ ነበር። ኢጣሊያ በኤርትራ የራሷን ታለር አውጥታ ጠገራውን ልትተካ ብትሞክር አልሆነላትም። የዓፄ ምኒልክ ብር እንኳ በፓሪስ ተቀርጾ ሲመጣ ጠገራውን ከገበያ ሊያስወጣው አልቻለም። በኦምዱርማን የኸሊፋው ገንዘብ ከብሩ ይልቅ መዳቡ እየበዛ ሲሄድ ዋጋውን አጥቷል። የተላላጠ ጠገራ እንግዲህ ሕዝብ በነገሥታት ገንዘብ ላይ የሰጠው ፍርድ ነው።

«የተራበ ሰው ታሪክ አይበላም፤ አንጥረኛው ወዲያው ይከፍላል» የሚል ተቃውሞ ይነሣ ይሆናል። እውነት ነው። በ2013 ዓ.ም. ከትግራይ ተሰዶ ተከዜን የተሻገረው፣ በ2015 ዓ.ም. በሱዳን ጦርነት ሲነሣ ከካርቱም ወደ ገዳሪፍ የሸሸው ሰው ያለውን ቢሸጥ አይወቀስም። ወቀሳው አቅም እያለው ቆሞ በሚያይ፣ ይባስ ብሎም የችግረኛውን ጠገራ ከብሩ ዋጋ በታች በሚወስድ ሰብሳቢ ላይ ነው። ጠገራ 28 ግራም ያህል ይመዝናል፤ ከዚህም ውስጥ ከ23 ግራም የሚበልጠው ንጹሕ ብር ነው። ሻጩ ይህን ሳያውቅ የተገዛ ገንዘብ ስብስብ ሳይሆን ብዝበዛ ይባላል።

እውነተኛ ሰብሳቢ ከብሩ ዋጋ በላይ ይከፍላል። ገንዘቡን በአመድም በኬሚካልም ፈትጎ አያንጸባርቅም። ለማተብ ወይም ለአንገት ጌጥ የተበሳውንም «ተበላሽቷል» ብሎ አይንቅም፤ ያ ቀዳዳ ለሙሽራ መሰጠቱን፣ ከእናት ለልጅ መተላለፉን የሚመሰክር ነው። ከሁሉ በላይ ይጠይቃል፤ ከየትኛው አገር እንደመጣ፣ ለጥሎሽ ይሁን ለከብት ዋጋ እንደተከፈለ፣ በማን ሣጥን እንደኖረ ባለቤቱ የፈቀደለትን ያህል ይጽፋል። በካርቱም የሚገኘው ብሔራዊ ሙዚየም በጦርነቱ ሲዘረፍ እንደታየው፣ ታሪክን ለአንድ ትልቅ ቤት ብቻ አደራ ብሎ መተው አያዋጣም። በገዳሪፍ በአንድ ተራ ደብተር ላይ የተጻፈ የአንድ ጠገራ ታሪክ በምስክር ወረቀት ከታጀበ መቶ አንጸባራቂ ሳንቲም ይበልጣል። የቀለጠ ጠገራ ብሩ ይቀራል፤ ታሪኩ ግን ከባለቤቱ ጋር ይጠፋል።