ለሌዘር መቍረጫ የሚሆነውን ሰሌዳ አስቀድሞ ስለ መፈተን

የሌዘር መቍረጫ መኪና በዛሬው ዘመን ከፋብሪካ ወጥቶ በቤት ጠረጴዛ ላይ ለመቀመጥ እስኪበቃ ድረስ አንሷል። ስለዚህ ልጆቻቸው የሥዕል ክፈፍ፥ የመብራት ማቀፊያና የስም ሰሌዳ በገዛ ቤታቸው ሲቈርጡ የሚያዩ ወላጆች ጥቂቶች አይደሉም። ሥራው የሚመሰገን ነው። ነገር ግን ምንነቱ ያልታወቀ ሰሌዳ ከመኪናው ሥር የገባ እንደ ሆነ፥ ጢሱ የቤተ ሰቡን ሳንባ የሚጐዳ ስለ ሆነ፥ ስለ መፈተኑ ጥቂት ልንናገር ወደድን።

ከሁሉ ይልቅ የሚፈራው ፒቪሲ የሚባለው ፕላስቲክ ነው። ንጹሑ ፒቪሲ ከክብደቱ ከመቶ 57 እጅ ያህሉ ክሎሪን ነው። በሌዘር ሙቀት ሲቃጠል ሃይድሮጂን ክሎራይድ የሚባለውን ጋዝ ይሰጣል፤ ይህም ጋዝ እርጥበት ሲያገኝ ብርቱ አሲድ ሆኖ ዓይንንና ጕሮሮን ያቃጥላል፥ የመኪናውንም ብረት ያዝጋል፥ መስተዋቱንም ያበላሻል። አስቸጋሪው ነገር መልኩ ነው። ለሌዘር እጅግ የተመቸው አክሪሊክና ይህ ፒቪሲ ሰሌዳ ሆነው ሲታዩ ወንድማማች ይመስላሉ፤ ቆዳ መስሎ የሚሸጠውም ጨርቅ ብዙ ጊዜ ፊቱ ፒቪሲ ነው። ነጋዴው ሁሉንም ፕላስቲክ ብሎ ቢሸጥ ዋሸ አይባልም፤ ለቈራጩ ግን ይህ ስም አይበቃውም።

አንዳንድ ሰዎች ቍራጩን አቃጥሎ ማሽተት ይበቃል ይላሉ። እኛ በዚህ አንስማማም፤ የሚሸተተው ራሱ መርዙ ነውና። የሚሻለው በሴንት ፒተርስበርግ የኬሚስትሪ መምህር የነበረው ፍሪድሪኽ ባይልሽታይን በ1872 ዓመተ ምሕረት እንደ አውሮፓ አቈጣጠር ያስታወቀው የመዳብ ሽቦ ፈተና ነው።

ሥራውም እንዲህ ነው። ከኤሌክትሪክ ገመድ የመዳብ ሽቦ ወስዶ ልባሱን በሚገባ መግፈፍ ያስፈልጋል፤ ልባሱ ራሱ ብዙ ጊዜ ፒቪሲ ስለ ሆነ ቅሬታው ፈተናውን ያሳስታል። ከዚያ ወደ ደጅ ወጥቶ፥ ነፋሱን ከኋላ አድርጎ፥ ሽቦውን በፒንሳ ይዞ በሰማያዊ የጋዝ ነበልባል ላይ ማጋል ነው። የሻማ ነበልባል ብጫ ስለ ሆነ ቀለሙን ይሸፍናል። ሽቦው ቀልቶ ነበልባሉ ምንም ቀለም ሳያሳይ ሲቀር፥ የጋለውን ጫፍ ከሰሌዳው ቍራጭ ላይ ነክቶ ጥቂት እንዲቀልጥበት ማድረግ፥ ወዲያውም ወደ ነበልባሉ መመለስ ነው። ነበልባሉ ደማቅ አረንጓዴ ከሆነ ክሎሪን ወይም ብሮሚን አለበት፤ ያ ሰሌዳ በምንም ምክንያት ከሌዘር ሥር አይግባ። ጫፉ በላብ እጅ ከተነካ ጨው አረንጓዴ ሊያሳይ ስለሚችል አለመንካት ነው። ቆዳ መሳዩም ጨርቅ በጀርባው ሳይሆን በፊቱ ይፈተናል።

አረንጓዴ አልታየም ማለት ግን ሰሌዳው ንጹሕ ነው ማለት አይደለም። ኤቢኤስ የተባለው ፕላስቲክ ከመቈረጥ ይልቅ ይቀልጣል፥ ሲቃጠልም ሃይድሮጂን ሳያናይድ ሊሰጥ ይችላል። ፖሊካርቦኔት ይጠቍራል፥ ፈጥኖም ይነዳል። በክሮም የለፋ ቆዳም ለቤት አይመከርም፤ በዕፅዋት ልጥ የለፋው ይሻላል።

ከዚህ በኋላ የመቍረጡ ፈተና ይመጣል። ከዚያው ሰሌዳ ትርፍ ላይ ጐንና ጐኑ 20 ሚሊሜትር የሆነ አራት ማዕዘን፥ ኀይሉንና ፍጥነቱን እየለዋወጡ ደጋግሞ መቍረጥና በአነስተኛ ኀይል ንጹሕ ሆኖ የወጣውን መምረጥ ነው። የተመረጠው ሲለካ 19.8 ሚሊሜትር ቢሆን ብርሃኑ የበላው 0.2 ሚሊሜትር ነው፤ ተጋጣሚ ሣጥን የሚሠራ ሰው ይህን ካላሰበ ጥርሱ ይላላበታል። ኮምፔንሳቶ ግን በአንድ ስፍራ ተፈትኖ አይታመንም፤ በውስጡ ያለው ሙጫና ጕጥ ከስፍራ ስፍራ ይለያያልና፥ በሦስት ወይም በአራት ስፍራ ይሞከር። በሰማያዊ ብርሃን የሚሠሩት ትንንሾቹ መኪናዎች ደግሞ ጥርት ያለውን አክሪሊክ አይቈርጡትም፤ ብርሃኑ አልፎት ይሄዳል።

ፈተናውም ቢሆን የጢስ ማስወጫው ወደ ውጭ ተከፍቶ፥ የእሳት ማጥፊያ በቅርብ ተቀምጦ ይደረግ፤ አክሪሊክ ለእሳት ቅርብ ስለ ሆነ መኪናው ሲሠራ ትቶ ወደ ምሳ መሄድ አይገባም። የተገኘውን ቍጥርና ሰሌዳው የተገዛበትን ቀን በትርፉ ላይ በእርሳስ መጻፍ መልካም ነው፤ ከዚያው ሱቅ የመጣ አዲስ ሰሌዳም ቢሆን እንደ ገና ይፈተናል።