አሮጌው ዘር ከቤታችን አይውጣ

በዘንድሮው የሥነ ሕይወት ትምህርት ስለ ሕያዋን ምደባና ስለ ዝግመተ ለውጥ በተማርንበት ሳምንት ክፍላችን ለሁለት ተከፍሎ ሲከራከር ሰነበተ። ክርክሩም ሁሉ ስለ ዝንጀሮና ስለ ሰው ነበር። እኔ ግን ነገሩን ያን ያህል ሩቅ ሄደን መፈለግ አያሻንም እላለሁ፤ ከደብረ ኤልያስ ማሳ ሳንወጣ በዐይናችን የምናየው ነውና። (ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

የስዊድኑ ሊቅ ሊኒየስ በ1753 ባሳተመው መጽሐፍ ዕፀዋትን በሁለት በሁለት ስም እየጠራ መደባቸው። በዚሁ ሥርዓት ጤፋችን ዛሬ «ኢራግሮስቲስ ጤፍ» ይባላል። ገበሬው አባታችን ግን ሊቁ ካቆመበት ይጀምራል፤ ማኛ፣ ነጭ፣ ሰርገኛ፣ ቀይ እያለ ይለያል። ለሊቁ ሁሉም አንድ ዝርያ ናቸው። ይሁን እንጂ ትልቁ ምሥጢር ያለው በዚያ በአንዱ ዝርያ ውስጥ ባለው ልዩነት ነው። ዳርዊን በ1859 ያወጣውን መጽሐፍ የጀመረው ሰው በሚያረባቸው እንስሳትና በሚዘራቸው አዝርዕት መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም፤ ልዩነት ከሌለ የሚመረጥ የለም፣ የሚመረጥ ከሌለም ለውጥ የለም።

አሁን ወደ ቤቴ ልመለስ። እኔ ልጅ ሳለሁ በጓሯችን ጥቁሩም ነጩም ገብስ ተቀላቅሎ ይዘራ ነበር። በኋላ አባቴ ምርጥ የስንዴ ዘር አገኘ፤ ምርቱም በዛ። ደብተሬና ጫማዬ የተገዙት በዚያ ስንዴ ስለ ሆነ ምርጥ ዘርን የማማት አፍ የለኝም። ነገር ግን ባለፈው ዓመት ለክፍል ሥራ ጥቁር ገብስ ፈልጌ አያቴን ብጠይቃቸው ጎታውን እስከ ሥሩ ጠርገው አዩልኝ፤ አንዲት ፍሬ አልተገኘችም። «ልጄ፣ ዱሮ ዘር ሲጠፋ ከጎረቤት ይለመን ነበር፤ አሁን ጎረቤቱስ መቼ አለው?» አሉኝ። ይህ ቃል እስከ ዛሬ ከልቤ አልወጣም።

ነገሩ የናፍቆት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁት። በ2010 ቢጫ ዋግ በአገራችን ተነሥቶ ብዙ ገበሬ ይዘራቸው የነበሩትን ኩብሳና ጋለማ የተባሉትን የስንዴ ዓይነቶች አጠፋ። ከዚያ በኋላ ቢጫ ዋግን የሚቋቋመው ዲጋሉ የተባለው ስንዴ በሰፊው ተዘራ። ነገር ግን በ2013 አዲስ ዓይነት የግንድ ዋግ መጥቶ በባሌና በአርሲ ዲጋሉን መታው። እንግዲህ ዝግመተ ለውጥ ማለት ይህ አይደለምን? ዋግም ሕይወት ያለው ፍጥረት ነው፤ በመካከሉ ልዩነት አለው። ማሳው ሁሉ አንድ ዓይነት ሲሆን፣ ሁሉም ቤት በአንድ ቁልፍ የሚከፈትበትን መንደር ይመስላል፤ ሌባው አንዱን በር ከከፈተ ሌላውም ተከፈተለት ማለት ነው። የተቀላቀለ ማሳ ግን ቢጎዳም ፈጽሞ አይጠፋም፤ አንዱ ሲወድቅ ሌላው ይቆማል።

ይህን የውጭ ሰዎች ከእኛ ቀድመው ዐውቀውታል። ሩስያዊው ሊቅ ቫቪሎቭ በ1927 በኢትዮጵያ ተዘዋውሮ በሺህ የሚቆጠር የእህል ዘር ሰብስቦ ሄደ። በካሊፎርኒያም ገብስን በቫይረስ ከሚያቀጭጨው በሽታ ለማዳን የረዳው ጂን የተገኘው ከኢትዮጵያ ገብስ ነው። ምርጥ ዘሩስ ቢሆን ከየት መጣ? በ2006 ለገበሬ የቀረበው ቁንጮ ጤፍ የተገኘው ብዙ ምርት የሚሰጠውን አንዱን ጤፍ ነጩን ከማኛ ጋር በማዳቀል ነው። አዲሱ የአሮጌው ልጅ ነው፤ እናት ከሞተች ሁለተኛ ልጅ ከየት ይወለዳል?

አንዳንድ ጓደኞቼ «አዲስ አበባ ከ1976 ጀምሮ የዘር ባንክ አለ፤ እኛን ምን አሳሰበን?» ይሉኛል። ባንኩ መኖሩ መልካም ነው። ነገር ግን በማቀዝቀዣ ያለ ዘር ይጠበቃል እንጂ አይለወጥም። የዘንድሮን ዋግና የዘንድሮን ውርጭ የሚቀምሰው በማሳ ያለው ዘር ብቻ ነው። ሌላውም «ይህ ወደ ድህነት መመለስ ነው» አለኝ። እኔ መላውን ማሳ አላልሁም፤ አንድ ጥግ ብቻ ነው የምለምነው። አባቴን ለምኜ ከበረቱ በስተ ጀርባ አንድ ጥግ ፈቅዶልኛል፤ እየሳቀም ቢሆን።

የተከበራችሁ መምህራን፤ ከመማሪያ ክፍሎቻችን ጀርባ ዝም ብሎ የተቀመጠ መሬት አለ። እያንዳንዳችን ከየቤታችን አንድ እፍኝ አሮጌ ዘር ብናመጣ፣ ስሙንና የመጣበትን ቀበሌ በወረቀት ብንጽፍ፣ ምደባን ከመጽሐፍ ሳይሆን ከእጃችን በተማርን ነበር። ወላጆቻችንም ጎታው ከመጠረጉ በፊት ይመልከቱልን። እኔ ደጋ ካሉት አክስቴ ዘንድ አንድ እፍኝ ጥቁር ገብስ አግኝቼ በጨርቅ ቋጥሬ አስቀምጫለሁ። የሰኔ ዝናም ከመጀመሩ በፊት ሰርገኛ ጤፍ ወይም ሌላ ዓይነት ገብስ ያለው ቢኖር በአሥራ ሁለተኛ ክፍል ይፈልገኝ።