መስማትም ያስከፍላል

አንዲት ጓደኛዬ የምትተዳደረው በድምፅ ነው። ለአጫጭር ፊልሞችና ለማስታወቂያ ድምፅ ትሠራለች፤ ትርፍ ጊዜ ስታገኝ ደግሞ የራሷን የድምፅ ሥራዎች ታዘጋጃለች። በቅርቡ አንድ ደንበኛ ኢንቮይሷን አይቶ «ለሁለት ደቂቃ ድምፅ የሦስት ቀን ዋጋ? ምን ስትሠሪ ነበር?» አላት። «ስሰማ ነበር» አለችው። ሰውየው ሳቀ፤ ክፍያውንም በግማሽ ቆረጠው።

እውነቱን ልናገር፣ እኔም እስቅ ነበር። ኢኮኖሚክስ የተማረ ሰው «በሰዓት ስንት ተመረተ?» ማለት ይቀናዋል። ግን አንድ ቀን አብሬያት ዋልኩ።

ጠዋት 12 ሰዓት ላይ መስኮቱን ከፍታ ትቀመጣለች። ስልክ የለም፣ መቅጃ የለም፣ ደብተር ብቻ። የሰማችውን ትጽፋለች፦ መጥረጊያ፣ የታክሲ ረዳት ጥሪ፣ ጎረቤት የሚወቀጥ ቡና። ከዚያ ወጥታ ትቀዳለች። ከሰዓት በኋላ ቅጂውን ደጋግማ እየሰማች ከደብተሩ ጋር ታመሳክራለች። ማታ ደግሞ «ምን አመለጠኝ?» ብላ አንድ ገጽ ትጽፋለች። እኔ ሙቀጫውን ጭራሽ አልሰማሁትም ነበር፤ አጠገቧ ተቀምጬ!

ይሄ የእሷ ብቻ አመል አይደለም። አሜሪካዊቷ ፖሊን ኦሊቬሮስ በ1950ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ማይክሮፎን መስኮቷ ላይ አድርጋ ቀዳች። መልሳ ስትሰማው በቦታው እያለች ልብ ያላለቻቸው ድምፆች ቅጂው ውስጥ አሉ። ከዚያ በኋላ ዕድሜዋን በሙሉ ማዳመጥን እንደ ልምምድ ያዘችው፤ ለሌሎችም አስተማረችው።

ለእኛ ደግሞ የሚቀርብ ሰው አለ፦ ግብፃዊው ሃሊም ኤል-ዳብ። በ1944 (እ.ኤ.አ.) ካይሮ ውስጥ ከሬዲዮ ጣቢያ በተዋሰው፣ ድምፅን ሽቦ ላይ በሚቀዳ መሣሪያ የዛር ሥነ ሥርዓት ቀዳ። ከዚያ ጣቢያው ውስጥ ሆኖ ድምፁን እየለዋወጠ አዲስ ሥራ አወጣበት። ዛሬ ከመጀመሪያዎቹ የኤሌክትሮኒክ ሙዚቃ ሥራዎች አንዱ ሆኖ ይጠቀሳል። ይኸው ሰው በ1960ዎቹ አዲስ አበባ መጥቶ ዩኒቨርሲቲ አስተማረ፤ ማሲንቆ፣ ክራርና ዋሽንት ተጫዋቾችን ያሰባሰበውን ኦርኬስትራ ኢትዮጵያንም መሠረተ። ቁጭ ብሎ ሳይሰማ ይሄን የሚሠራ ይኖራል?

«የዝናብ ድምፅ ከኢንተርኔት በነፃ ይወርዳል» የሚል አይጠፋም። ይወርዳል። ግን የሐምሌ ዝናብ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ የሚያሰማው ድምፅ አይደለም፤ የሰፈር ልጅ ወዲያው ያውቀዋል።

ደንበኛውም በጀት አለበት፣ እሱን አልክድም። የሚታየው ሁለት ደቂቃ ብቻ ከሆነ የሚከፍለውም ለሁለት ደቂቃ ነው። ስለዚህ ለጓደኛዬም፣ በፍሪላንስ ለምትሠሩትም አንድ ሐሳብ አለኝ፦ ኢንቮይሱን ለሦስት ክፈሉት። ማዳመጥ፣ መቅዳት፣ ማቀናበር። የየራሳቸውን ዋጋ ጻፉና ሥራው ሳይጀመር ተስማሙ። ስም የሌለው ሥራ ሁሌም ቀድሞ ይቆረጣል።

አሁንም ካልተዋጠላችሁ ነገ ጠዋት ሞክሩት። ስክሮል ከማድረጋችሁ በፊት አሥር ደቂቃ ስሙና ጻፉ። ወዲያው ደግሞ አሥር ደቂቃ በስልካችሁ ቅዱ፤ ማታ አወዳድሩት። ስንት ነገር እንዳመለጣችሁ ስታዩ፣ የሦስት ቀኑ ዋጋ ያን ያህል አያስቃችሁም።